ማሽኑ እስኪሞቅ

ፍሪጄ ውስጥ ቢራ፣ ሊሞናታና ቅቤ እንጂ ሰው አስገብቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ክረምት ወዲህ ግን ሞተሩ ተንቀጥቅጦ በተነሳ ቁጥር ሥራዬን ትቼ አዳምጣለሁ። ይህን ስናገር የሚስቅብኝ አለ። ይሳቅ፤ እሱ ጆሮውን በዚያ በር ላይ አስደግፎ አያውቅም።

ቡና ቤቴ እዳጋ ሓሙስ ሰፈር ነው፤ ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት። ፍሪጁን የገዛሁት ዕቃዋን ሸጣ አገሯ ከገባች ጣሊያናዊት ነው። ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም፤ ፍሪጅ ግን ነበረኝ፤ በሰፈራችን ደግሞ ከባል ይልቅ ፍሪጅ ያስከብር ነበር። የሰርጉ ሥጋ፣ የሕፃኑ መድኃኒት፣ ለበሽተኛ የተባለው በረዶ ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል። «ኣስካሉ፣ ለዛሬ ብቻ» ይሉኛል። አፌ ይሳደባል፣ እጄ ይቀበላል፤ ተፈጥሮዬ ነው።

ኣስመላሽ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ ሱቁና ቡና ቤቴ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። በክረምቱ መግቢያ፣ ዝናብ ሊወርድ ሰማዩ በጠቆረበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ትንሽ ሻንጣ የሚያህል ቴፕ በደረቱ አቅፎ ገባ።

«ኣስካሉ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ፍሪጅሽን ለዛሬ ብቻ።»

«ምን ልታስገባበት?»

«ይችን።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም? ቴፕ እንደ ሥጋ ይበላሻል እንዴ?»

ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት ከጀርባው የቆሙትን ሴት አየኋቸው፤ ስድቤንም ዋጥኩት። ኣደይ ኣኽበረት ነበሩ፤ ሁሉም እናቴ ሲል ኣደይ የሚላቸው የዓባ ሻውሏ ሹሩባ ሠሪ። በዚያ ሰፈርና በእኛ ሰፈር በእኚህ ሴት ጉልበት መካከል ተቀምጣ ያልተሠራች ሴት የለችም፤ እኔም ስንት ጊዜ አንገቴን ይዘው «ዝም በይ ጓለይ፣ ልጄ፣ አትወዛወዢ» ብለውኛል። አሁን ግን የራሳቸው ሹሩባ የከረመ ነበር። አልተፈታም፣ አልታደሰም፤ ከሥሩ ሽበት እየገፋ አውጥቶታል። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የሚናገረው ግን የለም።

ልጃቸው መንግስትኣብ ማተሚያ ቤት ይሠራ ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ጠዋት ዳቦ በኪሱ ይዞ ለሥራ ወጣ፣ አልተመለሰም። በእኛ ከተማ በዚያ ዘመን ጎልማሳ እንዲህ ሲቀር «የት ገባ?» ብሎ የሚጠይቅ ሞኝ ብቻ ነው። በረሃ ወርዷል፤ ከታጋዮቹ ተቀላቅሏል። ከዚያ የመንግሥት ሰዎች መጡና ቤታቸውን በረበሩ። ልብሱን፣ መጻሕፍቱን፣ ከግድግዳው ላይ ፎቶግራፉን ሳይቀር ወሰዱ፤ ሚስማሩን ብቻ ተዉላቸው። ቴፑ የተረፈው ጎረቤት ለሰርግ ተውሶት ስለነበር ነው።

በዚያ ዓመት ሑዳዴ ላይ፣ ኣደይ ኣኽበረት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አንድ የማያውቁት ነጋዴ አጠገባቸው ተጠግቶ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላቸውና በሕዝቡ መሀል ጠፋ። ያ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ሞት የሚነገረው በመርድእ ነው፤ የዘመድ ሽማግሌዎች ማለዳ ቤትሽ ይመጣሉ፣ ተቀምጠው ይነግሩሻል፣ ያኔ ሹሩባሽን ፈተሽ ትጮኺያለሽ፣ አገር ይሰበሰብልሻል። በረሃ ለወረደ ልጅ ግን ማን መርድእ ይዞ ይመጣል? የነገረሽ ሰው ማወቁን አሳየ፤ የሚያውቅ ደግሞ ይጠየቃል። ስለዚህ እኚህ ሴት ሞቱን በጆሯቸው እንደያዙ፣ ሳያለቅሱ፣ የሰው ፀጉር ሲሠሩ ከረሙ።

«ምንም የለኝም» አሉኝ ያን ቀን፣ ባንኮኒው ላይ በሁለት እጃቸው ተደግፈው። «አስከሬን የለ፣ ልብስ የለ፣ ፎቶ የለ። ባዶ ወለል ዙሪያ ተቀምጬ አላለቅስም። ድምፁ ግን እዚህ ውስጥ አለ። አንዴ አሰሙኝና ከዚያ ሐዘኔን ልቀመጥ።»

«ታዲያ ለምን እቤትዎ አይሰሙትም?»

«አይናገርማ። በብርድ ካልሆነ አይናገርም።»

እንዲህ አሉ፣ ያለ ምንም ግርታ። ጥር ላይ፣ ውሃ በባልዲ ውስጥ በሚጋገርበት ሰሞን፣ ጎህ ሲቀድ ዝም ብለው ሶኬቱን ሰኩት፤ ልጁ ተናገረ። ፀሐይ ወጥታ ክፍሉ ሲሞቅ ድምፁ እየሰለለ ሄዶ ጠፋ። በማግስቱ ጎህ ላይም ተናገረ። ብርዱ ሲያልፍ ግን ጭራሽ ዝም አለ። «ሲበርደው ይመጣል» አሉኝ ቀስ ብለው። «የት ቢሆን ነው እንዲህ የሚበርደው?»

ነጠላዬን ደረቴ ላይ ደረብኩ። ኣስመላሽ ግን ሥራው ነውና ቶሎ ገባበት። «ትራንዚስተሯ ናት፣ ኣደይ። የስንዴ ቅንጣት የምታህል ዕቃ ናት፤ ሲሞቃት ትዘጋለች፣ ሲበርዳት ትከፍታለች። ምትኳ ከሚላኖ ነው የሚመጣ፤ የስዊዝ ቦይ ከተዘጋ ወዲህ ደግሞ መርከቡ የት እንዳለ እግዜር ይወቀው። ድምፁ የተቀዳበትን ክር አውጥቼ በሌላ ቴፕ እንዳላሰማዎት፣ ጥቅልሉ ትንሽ ነው፤ ከዚህ ማሽን በቀር የሚገባበት የለም።» ወደ እኔ ዞረ። «ብርድ ያለው አንቺ ቤት ነው።»

ጠርሙሶቼን እያወረድኩ፣ ቢራዬ ሊሞቅ ነው እያልኩ እያጉረመረምኩ፣ መሀለኛውን መደርደሪያ ለቀቅኩለት። ቴፑን አስገባ፤ የመብራቱን ሽቦ በበሩ ጎማ ሥር አሳለፈ፤ በሩን ዘጋ። ማሽኑ ብርዱን እስኪጠግብ ተቀመጥን። ዝናቡ ጀመረ። ኣስመላሽ ተነስቶ ሶኬቱን ሰካ።

መጀመሪያ ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ከዚያ ከቢራዬና ከቅቤዬ መካከል፣ ከተዘጋ በር ጀርባ፣ አንድ ወጣት ጉሮሮውን ጠርጎ አንድ፣ ሁለት እያለ ማሽኑን ፈተነ። «ሓደ፣ ክልተ። ሓደ፣ ክልተ። ኣደይ፣ ንዒ፣ ነይ። ተናገሪ።»

ወንበሬ ወደቀ። ፍሪጁ ነጭ ሆኖ፣ በሩ እንደተዘጋ ቆሟል፤ ልጁም ከውስጡ ደግሞ «ተናገሪ፣ ኣደይ። ስምሽን ብቻ» ይላል። ከዚያ ዝምታ። በዝምታው ውስጥ የሆነ ግቢ ዶሮ ትንጫጫለች። ኣደይ ኣኽበረት ነጠላቸውን ጎትተው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ያኔ ልጁ ሲቀዳ፣ ማሽኑ ገና አዲስ ሳለም እንዲሁ ሸፍነው እንደነበር ኋላ ነገሩኝ። ድምፄን ይወስድብኛል ብለው ፈርተው ነበር። ልጁ ጠብቆ ጠብቆ ሳቀ፤ ጥሩ፣ ጥርሱን የምታይበት ሳቅ። «ግድ የለም፣ ኣደይ። ካልእ መዓልቲ።» ሌላ ቀን ማለቱ ነው።

ሃምሳ አለቃ አሳምነው በሩ ላይ መቆሙን ያየሁት በዚያ ቅጽበት ነው።

አሳምነው የጎጃም ሰው ነው፤ ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ በኋላ ወደ እኛ ከተማ ከተላኩት ፖሊሶች አንዱ። ማታ ማታ ይመጣል፤ እንደ ቤተሰብ ፍሪጁን ራሱ ይከፍትና ቀዝቃዛውን መርጦ ይጠጣል። ክፉ ሰው ነው አልልም፣ ደግ ነው ብዬም አልምልለትም ነበር። ዝናቡን ከኮፍያው እያራገፈ ቆመ።

«ማን ነው የሚያወራው?»

«ሬዲዮ ነው» አልኩ።

«ከፍሪጅ ውስጥ?»

«ከግድግዳው ማዶ ነው። የኣስመላሽ ሱቅ እኮ ነው ያ።»

ወደ ፍሪጁ መጣ። በሩ ላይ ጀርባዬን አስደገፍኩና ከሳጥን አንድ ቢራ አንስቼ ሰጠሁት። እጁ ላይ ይዞት ቀረ። «ሞቃት ነው እኮ።»

«ፍሪጁ ታሟል፣ ሃምሳ አለቃ። ዛሬ አይከፈትም።»

ኣደይ ኣኽበረትን አየ፤ ነጠላቸውን፣ ያልተፈታውን ሹሩባ። ኣስመላሽ ሶኬቱን ነቅሎ እጁን ኪሱ ከቷል፤ ፊቱ አመድ ሆኗል። አሳምነው ቢራውን ግማሽ ጠጣ፣ አፉን ጠረገ፣ «እግዜር ይማርላችሁ» ብሎ ወጣ። ፍሪጁን ይሁን ሌላ ሰው፣ አላወቅንም።

ኣስመላሽ ወዲያው ወደ ሱቁ ሮጠ፤ ሬዲዮ ከፍቶ ግድግዳው እንዲጮህ ሊያደርግ፣ ውሸቴ እውነት እንዲመስል። ዝናቡ ደግሞ ከፌርማታው ሰው አስገባብኝ። ሁሉም ቡና፣ ሁሉም ሻሂ። ወደ ቡና ማሽኑ ዞሬ እንፋሎቱን ለቀቅኩት፤ ክፍሉ ሁሉ በወበቅ ተሞላ፣ የመስኮቱን መስታወት ጭጋግ ሸፈነው። ኣደይን ረሳኋቸው።

ዞሬ ሳይ የፍሪጁ በር ተከፍቷል። ኣደይ ኣኽበረት ቡና ማሽኑ አጠገብ፣ ሙቀት ካለበት፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ቴፑን ከብርዱ አውጥተው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ በጡታቸው ላይ አድርገው በነጠላቸው ሸፍነውታል። እያወዛወዙት ነው።

«ኣደይ! ምን እየሠሩ ነው?»

«ቆሪሩዎ እኮ ነው። ልጄ በርዶታል። ስሚ፣ እንዴት እንደቀዘቀዘ ንኪው። እናት ቁጭ ብላ ታየዋለች?»

ነጠላውን ገለጥኩት። ብረቱ በጥቃቅን ጠብታ ተሞልቷል፤ ጠብታው እየተገናኘ ይወርዳል፤ ከጥቅልሉ ላይ፣ ከክሩ ላይ፣ ከትንንሾቹ ቁልፎች ሥር ይንጠባጠባል። የኣደይ ቀሚስ ርሷል። ቀና ብለው አዩኝ፤ እንዲያ ያለ ዓይን ዳግመኛ አላየሁም።

«ያለቅሳል፣ ጓለይ» አሉኝ። «ተመልከቺ። እኔ ሳላለቅስ እሱ ያለቅሳል።»

ነገሩን አውቃለሁ። ዕድሜዬን ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ስጠርግ ነው የኖርኩት። ቢሆንም ለጥቂት ጊዜ፣ ያ ሁሉ ሰው ቡና እየጠበቀ፣ እኔም አመንኩ። ልጁ ያለቅስ ነበር።

ኣስመላሽ ሲመለስ ራሱን ያዘ። ኣደይን መቆጣት ስላልቻለ እኔን ተቆጣ፤ እኔም አልተኛሁለትም፤ ደንበኞቼ ፊት ተነታረክን። እንደምንም ብሎ ክሩን ከማሽኑ ሊያላቅቅ ሲሞክር ረጥቦ ተጣብቆ ነበር፤ ሲነሳም ቡናማ ዱቄት ጣቱ ላይ ቀረ። ዱቄቱን አየው፣ ኣደይን አየ፣ ጣቱን በሱሪው ላይ ሊጠርግ ብሎ ተወው። ያ ዱቄት ድምፅ ነው።

«ምን ያህሉ ጠፋ?» አልኩት በጆሮው።

«ሳቁ ይመስለኛል» አለኝ።

ማሽኑን ፈታትቶ በሱቁ ውስጥ ከአምፖል አጠገብ ሲያደርቅ ሰነበተ። ኣደይ በየቀኑ እየመጡ ደጁ ላይ ይቀመጣሉ፤ ለምን አቀዘቀዝኩት ይላሉ፣ ለምን አሞቅኩት ይላሉ። ልባችን ተሰበረ። በመጨረሻ ኣስመላሽ እንዲህ አስረዳቸው፤ እኔም ቢራ ይዤለት ገብቼ ሰማሁ።

«ኣደይ፣ ውሃው ከእሱ አልወጣም። የኣስካሉን ጠርሙስ አይተው የለም? ጠርሙሱ አይሰነጠቅም፣ ቢራው አይፈስም፣ ላቡ ግን ይወርዳል። ያ ውሃ ቀድሞ አየሩ ውስጥ ያለ ነው፤ የቀዘቀዘ ነገር ሲያገኝ ይሰፍርበታል። ይህ ክረምት ነው፣ አየሩ ጠግቧል። በዚያ ላይ የቡናው እንፋሎት። ስለዚህ ጥፋቱ ብርዱ አይደለም። ጥፋቱ ቀዝቅዞ ሳለ መከፈቱ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ከነደረቅ አየሩ በላስቲክ አሽገን እናስገባዋለን። እዚያው ብርዱ ውስጥ ሆኖ ይናገራል። ሲወጣም ላቡ ላስቲኩ ላይ ይቅር። ከእኛ ጋር እኩል እስኪሞቅ ማንም አይከፍተውም።»

«ላስቲኩ ውስጥ የቀረው አየርስ?» አልኩ። «እሱም እኮ የክረምት አየር ነው።»

ኣስመላሽ ጭንቅላቱን አከከ። እኔ በክረምት የጨው ዕቃዬ ውስጥ ሩዝ እጨምራለሁ፤ ጨው እንዳይቋጠር። ይህንኑ ነገርኩት። ሩዙን በመጥበሻ በደንብ አምሼ፣ በቀጭን ጨርቅ ቋጥሬ አመጣለታለሁ አልኩት። ከዚያም «ስለ ፍሪጅ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ» ብዬ ቢራውን አስቀምጬ ወጣሁ፤ አለበለዚያ ኣደይ ፊት ላለቅስ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አደረግነው። ዝናብ ሳይኖር፣ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ። ቡና ማሽኑን አጠፋሁት፤ ቡና ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ በሥራ ሰዓት ሲጠፋ የመጀመሪያው ነው። «ዛሬ ቡናም ሻሂም የለም» ብዬ ደጁን ገርበብ አደረግኩት።

ሴቶቹን ማን እንደነገራቸው እኔ አላውቅም። አንድ በአንድ ገቡ፤ ከዓባ ሻውል፣ ከእኛ ሰፈር፣ አንዷ ከቤት ጊዮርጊስ ድረስ በአውቶቡስ። ሁሉም ኣደይ የሠሩት ሹሩባ ራሳቸው ላይ አለ። «ሻሂ ልንጠጣ» ይላሉ፤ ሻሂ የለም ስላቸው ደግሞ ይቀመጣሉ። አንዳቸውም ጥቁር አልለበሱም።

ኣስመላሽ ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አኖረ። የሩዙን ቋጠሮዎች በጎንና በጎኑ ወሸቀ፤ የማጫወቻውን ቁልፍ አስቀድሞ ተጫነ፤ ሁለት ሽቦ አወጣ፤ አንዱ ለመብራቱ፣ አንዱ ባንኮኒው ላይ ለተቀመጠ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ። ነጩን ላስቲክ ዘረጋና ሊጠቀልል ሲጀምር ኣደይ ኣኽበረት እጁን ያዙት።

«ሃበኒ ወደይ። ስጠኝ፣ ልጄ፣ ይህ የእኔ ሥራ ነው።»

እነዚያ ጣቶች ያውቁበታል። ላስቲኩን ከእግሩ ጀመሩ፤ እግሩ አልኩ እንዴ፣ ከሥሩ ማለቴ ነው። አየሩን በመዳፋቸው እየገፉ አወጡ፣ አጠፉ፣ ደገሙ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ከተቱ፣ በክር ሦስት ቦታ አሰሩ፤ ሽቦው የሚወጣበትን በሰም ደፈኑ። እንዲያ ሲታሰር አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ አባቴ የተገነዘ ቀን። ሴቶቹም አይተዋል።

ራሳቸው አስገቡት። ራሳቸው በሩን ዘጉ። ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ተነሳ፤ እኛም ብርዱ ላስቲኩን አልፎ እስኪገባ ጠበቅን። አንዲት ሴት መቁጠሪያ ታንከባልላለች። ኣስመላሽ ሶኬቱን ያዘና ኣደይን አያቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሓደ፣ ክልተ። ሓደ፣ ክልተ።»

ድምፁ ከባንኮኒዬ ላይ ወጣ፤ ጥርት ብሎ፣ ከስኒዎቼ መካከል። ዓይኔ ግን ወደ ፍሪጁ ሄደ፤ የሁላችንም ሄደ። «ኣደይ፣ ንዒ። ተናገሪ። ስምሽን ብቻ።»

ዝምታው መጣ። ዶሮዋ ተንጫጫች። ኣደይ ኣኽበረት ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። ወደ ፍሪጁ ሄደው መዳፋቸውን በበሩ ላይ አደረጉ።

«ኣኽበረት እየ» አሉ። «እናትህ ነኝ። አለሁ፣ ወደይ። አለሁ።»

ጠበቁ። እኛም ጠበቅን፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፣ ሁላችንም መልስ ጠበቅን። ድምፅ ማጉያው አጉረመረመ። ሳቁ የነበረበት ቦታ ላይ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው የሚያወራ መሰለ፤ አንድም ነገር አይሰማም። ከዚያ ጥርት ብሎ፣ በዚያ ባልከፋው ድምፁ፣ «ግድ የለም፣ ኣደይ። ካልእ መዓልቲ።»

«ኣይፋልን» አሉ እናቱ። «ሌላ ቀን የለም፣ ልጄ። ዛሬ ነው።»

ክሩ አለቀ፤ ጫፉ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረ፤ ኣስመላሽ ነቀለው። ኣደይ አላለቀሱም። ዓይናቸው ደረቅ ነበር፤ ይህ ሁሉ ልፋት ለከንቱ ሆነ አልኩ በልቤ። ኣስመላሽ ማሽኑን እንደተጠቀለለ ከፍሪጅ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። ወዲያው ላስቲኩ ጭጋግ ለበሰ፣ ጭጋጉ ጠብታ ሆነ፣ ጠብታው በእጥፋቶቹ እየተንከባለለ ጠረጴዛዬን አራሰ።

ኣደይ ጣታቸውን በላስቲኩ ላይ አሳለፉ። «ከውጭ ነው» አሉ።

«እወ፣ ኣደይ። ከውጭ ነው። እሱ ውስጡ ደርቋል፣ ምንም አልነካውም።» ከዚያ ኣስመላሽ፣ ሥራውን ብቻ እያሰበ፣ «አሁን የሚቀረው መጠበቅ ነው። እስኪሞቅ ድረስ እንዳይከፈት። ከብበን እንቀመጥና እንጠብቅ» አለ።

ከብበን እንቀመጥ። ያን ሲል ሴቶቹ ተያዩ። ወንበሮቹን አንስተው ጠረጴዛውን ከበቡ። መሀል ላይ ነጭ የተገነዘ ነገር ተኝቷል፣ እናቱ ራስጌው ቆመዋል። ኣደይ ኣኽበረት እጃቸውን ወደ ራሳቸው አነሱና የከረመውን ሹሩባ ይፈቱ ጀመር። አንዷ ሴት ተነስታ ከኋላ አገዘቻቸው። ፀጉሩ ትከሻቸው ላይ ሲወርድ ያ ጩኸት ወጣ፤ ከሑዳዴ ጀምሮ በጆሯቸው ይዘውት የኖሩት። ከዚያ ሁላችንም ነን። እኔ ለማንም አላለቅስም የምል ሴት ባንኮኒዬ ላይ ተደፍቼ፣ በቅርብ ለማላውቀው ልጅ፣ ለጠፋው ሳቁ አለቀስኩ። ስሙን ጠሩት፤ ማተሚያ ቤቱን፣ ቁመቱን፣ ዳቦ በኪሱ ይዞ የወጣበትን ጠዋት እየጠሩ አስለቀሱን። ኣስመላሽ አልፎ አልፎ ላስቲኩን ይነካና ራሱን ይነቀንቃል። ገና ነው።

በሩ ተከፈተ። ሃምሳ አለቃ አሳምነው ነው።

ልቅሶው በየአፋችን ደረቀ። ኮፍያውን እንዳደረገ ገባ፤ ተራ በተራ አየን፤ የተፈታውን ፀጉር፣ ያበጠውን ዓይን፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነጭ ጥቅል። መንገዱ ላይ አውቶቡስ ጮኸ። እኔ ከባንኮኒው ተነስቼ ጠረጴዛው አጠገብ ቆምኩ።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አለ። «ማን ሞቶ ነው?»

ማንም አልሞተም ብንል፣ ታዲያ ለምን እናለቅሳለን? ስሙን ብንናገር፣ ነገ እናትየው የት ናቸው? መልሱን የሰጡት ኣደይ ኣኽበረት ናቸው፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው፣ ቀና ብለው።

«ማንም። ማሽን ነው፣ ጎይታይ፣ ጌታዬ። በፍሪጅ ቀዝቅዞ ነበር። እስኪሞቅ እንጠብቃለን።»

አሳምነው ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። አጎንብሶ አየው። የክሩን ቋጠሮ አየ፤ በክርስቲያን አገር ያደገ ሰው ነውና ያንን አስተሳሰር ያውቀዋል። ጓንቱን አወለቀና መዳፉን ላስቲኩ ላይ አደረገ።

እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ላቡ ከደረቀ ቆይቷል። ከእሱ ትንሽ ቀደም ብዬ ነክቼዋለሁ፤ እንደ እኛው ሞቆ ነበር። ለመክፈት ምንም የሚያስጠብቅ አልነበረም፤ ኣስመላሽም ያንን እያወቀ ነው ራሱን እየነቀነቀ ያስቀመጠን።

የአሳምነው እጅ እዚያ ቆየ። ዓይኑ ወደ ኣደይ ፀጉር ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ እጁን አነሳ፣ ኮፍያውን አውልቆ በብብቱ ያዘ።

«ገና ነው» አለ። «በጣም ቀዝቃዛ ነው። አትቸኩሉ፣ በደንብ ጠብቁት።»

ወጣና በሩን ከውጭ ገጥሞ ዘጋው። በመስታወቱ ጀርባውን አየሁት፤ ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ ደጃፌ ላይ ቆሞ፣ ሻሂ ሊጠጣ ለመጣ ሰው ሁሉ «ዛሬ ዝግ ነው» ይላል። ኣደይ ኣኽበረትም ወደ ልጃቸው ዞረው ልቅሷቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።